ወተት ለማይስማማቸው፦ ስለ ላም፣ ስለ ፍየል፣ ስለ ግመልና ስለ ሌሎች ወተቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ወተት አይስማማኝም» የሚል ሰው የሌለበት ቤት ጥቂት ነው። አንዱ ጠዋት ማኪያቶ ጠጥቶ ስብሰባ ላይ ሆዱ ይጮህበታል። አንዷ የፋሲካ ማግስት ከአልጋ አትነሳም። ሌላው እርጎ ሲሆን ዋንጫውን ይገለብጣል፣ ትኩስ ወተት ሲሆን ግን መጸዳጃ ቤት ሲመላለስ ይውላል። እኔ ከዚህ ከመጨረሻው ወገን ነኝ። ከዘመድ፣ ከጎረቤትና ከሥራ ባልደረባ ደጋግመው የሚመጡልኝን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤያለሁ።

ወተት ስጠጣ ሆዴ ውስጥ የሚሆነው ምንድን ነው?

ወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። ላክቶስ ግሉኮስና ጋላክቶስ የተባሉ ሁለት ትንንሽ ስኳሮች ተጣምረው የሚሠሩት ነው፤ ጥምረቱ ሳይፈታ ወደ ደም አይገባም። የሚፈታው የትንሹ አንጀት ግድግዳ የሚያመነጨው ላክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ላክቴዝ ሲያንስ ስኳሩ እንዳለ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል። እዚያ ውሃ ይስብና ሰገራ ያቀጥናል፤ ባክቴሪያዎችም ያብላሉትና ጋዝ ይፈጥራሉ። ጋን ውስጥ ጠላ ሲፈላ የሚሆነው ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ ጋኑ እርስዎ መሆንዎ ነው።

ሆድ መነፋት፣ ማጉረምረም፣ ቁርጠት፣ ተቅማጥ፣ አንዳንዴም ማቅለሽለሽ ከዚህ የሚመጡ ናቸው። አብዛኛውን ጊዜ ከጠጡ ከግማሽ ሰዓት እስከ ሁለት ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራሉ። ያስቸግራል፣ ያሳፍራል፤ አንጀትን ግን አያቆስልም።

ስለዚህ ስለ ማንኛውም የወተት ዓይነት ሲጠይቁ ዋናው ነገር እንስሳው ሳይሆን ስኳሩ ነው። ስኳሩ የት ገባ? ምን ያህሉ ቀረ? ከዚህ በታች ያለው መልስ ሁሉ የሚዞረው በዚህ ዙሪያ ነው።

ልጅ ሳለሁ በዋንጫ እጠጣ ነበር። አሁን ምን ነካኝ?

ምንም አልነካዎትም። ላክቴዝ የተሰጠን ጡት እንድንጠባበት ነው፤ ከጡት ከተላቀቅን በኋላ በአብዛኛው ሰው እየቀነሰ ይሄዳል። ከዓለም አዋቂዎች ሁለት ሦስተኛ የሚሆነው ሕዝብ እንደዚህ ነው። እንግዲህ እንደ ልዩ ነገር መታየት ያለበት ትልቅ ሰው ሆኖ ወተት የሚፈጨው ነው፤ እኛ ግን ነገሩን ገልብጠን የማይፈጨውን «በሽተኛ» እንላለን።

ያ ልዩ ችሎታ የመጣው ከብት በማርባት በኖሩ ሕዝቦች ዘንድ በተፈጠረ የዘረመል ለውጥ ነው። የሚገርመው አንድ ጊዜ ብቻ አለመፈጠሩ ነው። የዘረመል ተመራማሪዋ ሣራ ቲሽኮፍና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት በታንዛኒያ፣ በኬንያና በሱዳን የተገኙት ለውጦች ከአውሮፓው የተለዩ ሆነው ተገኝተዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶችም በአንድ አገር ሕዝብ መካከል ከአንድ በላይ የሆኑ ለውጦችን አግኝተዋል። እንደ አፋር ባሉ አርብቶ አደሮች ዘንድ ወተት የሚፈጭ አዋቂ በብዛት አለ። ባልና ሚስት አንድ ማዕድ ቀርበው አንዱን ያስቀመጠው ወተት ሌላውን ምንም የማይለው ለዚህ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ነገሩ በድንገት ይመጣል። ጃርዲያ ወይም ሌላ የአንጀት ኢንፌክሽን የአንጀቱን ግድግዳ ሲጎዳ ላክቴዙም አብሮ ይቀንሳል። ይህኛው ጊዜያዊ ነው፤ በሽታው ታክሞ አንጀቱ ሲያገግም ከሳምንታት በኋላ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። «ከታመምኩ ወዲህ ወተት ጠላሁ» የሚሉ ሰዎች ሰገራ ቢመረመሩ ጥሩ ነው።

ይህ አለርጂ ነው?

አይደለም። ሁለቱን ማምታታት ደግሞ አደጋ አለው። አለርጂ ሰውነት ከወተቱ ፕሮቲን ጋር የሚገባው ጠብ ነው፤ ከስኳሩ ጋር ጉዳይ የለውም። ቆዳ ያሳብጣል፣ ያሳክካል፣ ከንፈርና ፊት ያብጣል፣ ያስመልሳል፣ ትንፋሽ ያሳጥራል። አለርጂ ላለበት ሰው አንድ ጠብታም ሊበዛበት ይችላል። ላክቶስ የማይስማማው ሰው ግን በመጠኑ ይችላል።

ከታች የማነሳቸው አብዛኞቹ ምክሮች ለአለርጂ አይሠሩም። «ላክቶስ የለውም» ተብሎ የተሸጠ ወተት ፕሮቲኑ እንዳለ ስለሆነ ለአለርጂ ሰው እንደማንኛውም ወተት ነው። እነዚህ ምልክቶች ካሉ ቤት ውስጥ እየቀመሱ መሞከር አይገባም፤ ሐኪም ጋ ይሂዱ።

የፍየል ወተት ይሻላል ይባላል። እውነት ነው?

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ቅር እንደሚለው አውቃለሁ፤ ግን ቁጥሩን እንይ። 100 ሚሊ ሊትር የላም ወተት 4.7 እስከ 5 ግራም ገደማ ላክቶስ አለው። የፍየል ወተት ከ4.1 እስከ 4.5 ግራም አለው። በ250 ሚሊ ሊትር ብርጭቆ ሲሰላ 12 ግራም ከ11 ግራም ጋር ማነጻጸር ነው። በዚች ልዩነት ሆድ አይታረቅም። የበግ ወተትም ከላሙ አይለይም።

የፍየል ወተት የስብ ጠብታዎች ትንንሽ ናቸው፣ ሆድ ውስጥ ሲረጋም ለስለስ ይላል፤ ስለዚህ «ቀለለኝ» የሚል ሰው ውሸት ተናገረ አልልም። ግን ስኳሩ ያው ነው። ሌላም ነገር እጠረጥራለሁ፦ የፍየል ወተት እንደ መድኃኒት በሲኒ ተለክቶ ይጠጣል፣ የላሙ በብርጭቆ ይሞላል። ሲኒውን በላም ወተት ቢሞሉትም ውጤቱ አንድ ይሆን ነበር።

ለአለርጂ ደግሞ የፍየል ወተት ፈጽሞ መሸሻ አይደለም። የላም ወተት አለርጂ ካለባቸው ከአሥሩ ዘጠኙ ለፍየሉም ይቆጣሉ፤ ፕሮቲኖቹ በጣም ይመሳሰላሉና።

የግመል ወተትስ? ስኳር የለውም ሲሉ ሰምቻለሁ።

አለው። ከ4 እስከ 5 ግራም በ100 ሚሊ ሊትር፣ ማለት ከላሙ ጎን ለጎን። ጅግጅጋ ወይም አፋር ሄዶ በግመል ወተት «ሆዱ የጸዳለት» እንግዳ፣ የጸዳለት በዚያው ስኳር ሊሆን ይችላል። አርብቶ አደሮቹ ራሳቸው ይህን ያውቃሉ፤ እንግዳን በትንሹ ነው የሚያስጀምሩት።

የግመል ወተት የተለየው በሌላ ነገር ነው። ብዙ ሰው አለርጂ የሚሆንበት ቤታ-ላክቶግሎቡሊን የተባለው የላም ወተት ፕሮቲን የለውም። በዚህ ምክንያት የላም ወተት አለርጂ ካለባቸው አንዳንዶች ይችሉታል፤ ግን በሐኪም ክትትል ካልሆነ መሞከር የለበትም። ቫይታሚን ሲም ከላሙ ይበልጣል። ላክቶስ ለማይስማማው ሰው የሚሻለው ግን በሶማሌ አካባቢ ዳናን የሚባለው የኮመጠጠው የግመል ወተት ነው። ምክንያቱ ስለ እርጎ ስናነሳ ይመጣል።

በባሕረ ሰላጤ አገሮች ላላችሁ አንድ ነገር፦ የግመል ወተት ጥሬውን አትጠጡ። እ.ኤ.አ. በ2012 ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ የታወቀው መርስ የተባለው የመተንፈሻ በሽታ ከግመል ጋር የተያያዘ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም ጥሬ የግመል ወተት እንዳይጠጣ ይመክራል።

ጥሬ ወተት ውስጥ የሚያፈጭ ነገር አለ፣ ማፍላት ይገድለዋል የሚባለውስ?

ጥሬ ወተት ውስጥ ላክቴዝ የለም። እ.ኤ.አ. በ2014 ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 16 ሰዎች ላይ የተደረገ ትንሽ ሙከራም ጥሬው ከተፈላው የተሻለ ሆኖ አልተገኘም። ማፍላት ስኳሩን አያጠፋም፣ አይጨምርምም። የሚያጠፋው ብሩሴላ የተባለውን ባክቴሪያና የከብት ሳንባ ነቀርሳን ነው፤ ለዚያ ሲባል ብቻ ይፈላ።

ስብ የወጣለት፣ የታሸገ፣ የዱቄት ወተትስ?

ስቡ ሲወጣ ስኳሩ አይወጣም። እንዲያውም ስብ ያለው ወተት ከጨጓራ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ አንዳንድ ሰው ሙሉውን ይበልጥ ይችለዋል። በካርቶን ታሽጎ ወራት የሚቆየው ወተትም በሙቀት የተገደለው ተህዋስ ነው እንጂ ላክቶሱ በቦታው አለ።

መጠንቀቅ የሚያሻው ውሃው በተቀነሰለት ወተት ነው። የዱቄት ወተት ከሲሶ በላይ ክብደቱ ላክቶስ ነው፤ ስብ የወጣለት ዱቄት ግማሽ ይደርሳል። በትክክል ከተበጠበጠ ከወተት እኩል ይሆናል፤ ግን ሻይ ላይ ሦስት ማንኪያ «ለማወፈር» የሚጨምር ሰው ሳያውቀው ብዙ ስኳር እየጠጣ ነው። በዱባይና በዶሃ በየመንገዱ የሚሸጠው ካራክ ሻይም ብዙ ጊዜ ውሃው በተነነለት የቆርቆሮ ወተት ይሠራል፤ ያ ወተት በ100 ግራም 10 ግራም ያህል ላክቶስ አለው። «ሻይ ብቻ ነው የጠጣሁት፣ ሆዴ ለምን ተነፋ?» የምትሉ፣ መልሱ እሱ ነው።

እርጎ፣ አሬራ፣ አይብና ቅቤ የትኛው ይሻለኛል?

የዚህ ጥያቄ መልስ መናጫው ውስጥ አለ። ባለሙያ ሴት ወተት ስትንጥ ያየ ሰው ሳያውቀው ላክቶስ ሲቀነስ አይቷል።

ወተቱ በወይራ በታጠነ ዕቃ ተጠራቅሞ ለቀናት ይቀመጣል። በዚህ ጊዜ ባክቴሪያዎች ላክቶሱን እየበሉ ወደ አሲድ ይለውጡታል፤ የእርጎ ኩምጣጤ የተበላ ስኳር ማለት ነው። ወተት ሲረጋ ላክቶሱ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 በመቶ ይቀንሳል፤ ይበልጥ በኮመጠጠ ቁጥር ይበልጥ ይቀንሳል። ግን እርጎ የሚስማማን በዚህ ብቻ አይደለም። ባክቴሪያዎቹ የራሳቸውን ላክቴዝ ይዘው ነው ወደ ሆዳችን የሚገቡት፤ አንጀታችን ውስጥም ሥራቸውን ይቀጥላሉ። በዚያ ላይ እርጎ ወፍራም ስለሆነ ቀስ ብሎ ይወርዳል። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን ሕያው ባክቴሪያ ያለው እርጎ ላክቶስ ለመፍጨት እንደሚረዳ እ.ኤ.አ. በ2010 ተቀብሏል። ሱቅ ሲገዙ «ሕያው ባክቴሪያ አለው» የሚል ካለ እሱን ይምረጡ፤ ከረጋ በኋላ እንደገና የተሞቀ እርጎ ባክቴሪያው ሞቷል። በወተት ዱቄት እንዲወፍር የተደረገውም ላክቶሱ ተመልሶ ገብቶበታል።

እርጎው ሲናጥ ቅቤው ይወጣል። ቅቤ ስብ ነው፤ ስኳሩ ከውሃው ጋር አሬራው ውስጥ ይቀራል። ለጋ ቅቤ ላይ የሚቀረው እጅግ ጥቂት ነው፣ ሲነጠር ደግሞ ውሃውና አንጓላው ተለይቶ ላክቶስ የለም ለማለት ይቻላል። ስለዚህ ክትፎ በልቶ «ቅቤው ነው ያስቀመጠኝ» የሚል ሰው ሌላ ምክንያት ይፈልግ፤ የስቡ ብዛት፣ የሥጋው ጥሬነት፣ ወይም አብሮ የወረደው ሁሉ።

አሬራው እሳት ላይ ቀስ ብሎ ሲሞቅ አይቡ ይሰበሰባል፣ አጓቱ ይጠለላል። የተረፈው ላክቶስ አብዛኛው አጓቱ ውስጥ ነው። አይብ በደንብ ከተጠለለ ከወተት በጣም ያነሰ ስኳር አለው፤ ውሃ የቋጠረ እርጥብ አይብ ግን አጓቱን ይዞ ነው የሚመጣው። በደረጃ ላስቀምጠው ብባል፣ ለእኔ ሆድ ንጥር ቅቤ አንደኛ፣ ደረቅ አይብ ሁለተኛ፣ የኮመጠጠ እርጎ ሦስተኛ፣ አሬራ ከእሱ ቀጥሎ፣ ትኩስ ወተትና አጓት መጨረሻ።

የፈረንጁ ፎርማጆም በዚሁ ሕግ ይሄዳል። ለወራት የቆየ ደረቅ ፎርማጆ፣ እንደ ፓርሜዛንና እንደ ቼዳር ያለው፣ ላክቶሱ ከአጓቱ ጋር ወጥቶ ቀሪውም በቆይታ ተበልቶ አልቋል። አይስክሬምና የተጨመቀ ጣፋጭ ወተት ግን በተቃራኒው ናቸው።

ላክቶስ የሌለው ወተት ሲባል ስኳሩን አውጥተውት ነው?

አብዛኛው እንደዚያ አይደለም። ፋብሪካው ላክቴዝ ይጨምርበትና ሆድዎ ሊሠራው የነበረውን ሥራ ቀድሞ ይሠራል። ስኳሩ ወደ ግሉኮስና ጋላክቶስ ስለተከፈለ ወተቱ ትንሽ ይጣፍጣል፤ ስኳር የተጨመረበት የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ያው የወተት ነው። አሜሪካና አውሮፓ በየሱቁ አለ። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ግን «ስኳር የለውም» ማለት እንዳይመስለው።

«ኤ2» የሚባለው ወተት ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ የተለየ ፕሮቲን ካላቸው ላሞች የሚታለብ ነው፤ ላክቶሱ አልተነካም። አንዳንድ ሰው ቀለለኝ ይላል፤ ለዋጋው የሚመጥን ማስረጃ ግን እስካሁን የለም ባይ ነኝ።

የአኩሪ አተር፣ የአጃ፣ የለውዝ ወተት?

ከእህል የተሠራ ስለሆነ ላክቶስ የለውም፤ ያበቃል። የሚለያዩት በምግብነት ነው። በፕሮቲን ወተትን የሚጠጋው የአኩሪ አተሩ ነው። የሩዝና የአልሞንድ በአብዛኛው ውሃ ናቸው፤ ካልሲየም የተጨመረበት መሆኑን ዕቃው ላይ ያንብቡ፣ ከመቅዳትዎ በፊትም ይነቅንቁት፣ ካልሲየሙ ሥር ይዘቅጣል። እኛ ግን የእህል ወተት ከፈረንጅ የተማርን ይመስል አንደነቅ፤ ሱፍ ቆልቶ፣ ወቅጦ፣ በውሃ አጥልሎ ነጭ ወተት ማውጣትን የጾም ማዕድ ያውቀዋል።

ማኪያቶ ማቆም አለብኝ?

ምናልባት አያስፈልግዎትም። የአውሮፓው ባለሥልጣን ያየው ማስረጃ እንደሚለው አብዛኛው ላክቶስ የማይስማማው አዋቂ በአንድ ጊዜ 12 ግራም ያህል፣ ማለት አንድ ብርጭቆ ወተት፣ ያለ ችግር ወይም በጥቂት ችግር ይችላል። ከምግብ ጋር ከሆነና ቀኑን ሙሉ ከተከፋፈለ ከዚያም በላይ ይቻላል። ማኪያቶ ላይ ያለው ወተት አንድ ሲኒ አይሞላም፤ ከ3 ወይም ከ4 ግራም ላክቶስ አይዘልም። ችግሩ ጠዋት በባዶ ሆድ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ መጠጣቱ ነው። ቡናው ራሱም አንጀት ያንቀሳቅሳል፤ ጥፋቱን ሁሉ ወተቱ ላይ አንጫን። አንድ ሳምንት ጥቁር ቡና ብቻ ጠጥተው ይዩት። ሆድዎ አሁንም ከሮጠ ወተቱ ንጹሕ ነው።

ጾሙ ሲፈታ ለምን ይብስብኛል?

55 ቀን ዐቢይ ጾምን የጾመ ሰው ላክቴዙ በመጾሙ አይቀንስም፤ ወተት በመጠጣትም አይጨምርም። የሚለወጠው ትልቁ አንጀት ውስጥ ያለው የባክቴሪያ ማኅበር ነው። በየቀኑ ጥቂት ላክቶስ ሲደርሰው ይለምደዋል፣ ጋዙም ይቀንሳል። ሁለት ወር ሲቋረጥበት ይረሳል። እንግዲህ የፋሲካ ሌሊት ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ አይቡና ወተቱ በአንዴ ሲመጣ ሆድ ቢያምጽ አይፈረድበትም። መፍትሔው ቀስ ማለት ነው፤ የመጀመሪያውን ሳምንት በእርጎና በአይብ፣ ከዚያ ሩብ ብርጭቆ ወተት ከምግብ ጋር፣ ከዚያ ግማሽ።

ጾሙ ሌላም ጥቅም አለው፤ ነጻ ምርመራ ነው። ሐኪሞች ወተት መሆኑን ለመለየት ለሁለት ሳምንት ያህል ወተት አቁሞ ማየትን ይመክራሉ። ፍልሰታ 15 ቀን ነው። በጾሙ ወቅት ሆድዎ ሰላም ሆኖ፣ ጾሙ ሲፈታ ሌላ ፍስክ ሳይጨምሩ አንድ ብርጭቆ ወተት ብቻ ጠጥተው ከተረበሸ፣ ተጠርጣሪው ተገኝቷል። በጾሙም ቢሆን የሚነፋዎት ከሆነ ግን ወተቱን ይተዉትና ሽሮውን፣ ባቄላውን፣ ሽንኩርቱንና ነጭ ሽንኩርቱን ይመልከቱ፤ እነሱም ውስጥ የማይፈጩ ስኳሮች አሉ።

በረመዳን በተምርና በወተት ለሚያፈጥሩ ደግሞ፦ ወተቱ ቀኑን ሙሉ ባዶ የነበረ ሆድ ላይ ነው የሚያርፈው። በውሃና በተምር አፍጥሮ ወተቱን ከራቱ ጋር ማድረግ፣ ወይም ላባን በሚባለው የዓረቦች የኮመጠጠ ወተት መተካት ብዙ ሰው ያስታግሳል።

ሆስፒታል ውስጥ የሚደረግ ምርመራም አለ። ላክቶስ የተበጠበጠበት ውሃ ይጠጡና በየተወሰነ ደቂቃ ትንፋሽዎ ውስጥ ያለው ሃይድሮጂን ይለካል።

ጨጓራ አለብኝ፤ ወተት ያበርድልኛል ብለውኝ እጠጣለሁ።

ይህን ልማድ ብንተወው ደስ ይለኛል። ወተት ሲጠጡት ለጥቂት ደቂቃ አሲዱን ያለዝባል፤ ከዚያ ግን ፕሮቲኑና ካልሲየሙ ጨጓራ ተጨማሪ አሲድ እንዲያመነጭ ያደርጉታል። ላክቶስ የማይስማማው ሰው ከሆኑ ደግሞ በቁስሉ ላይ መነፋት ይጨመርበታል። «ጨጓራዬ ተነሳ» ብሎ ወተት፣ ወተት ጠጥቶ መነፋት፣ «ጨጓራዬ ባሰበት» ብሎ እንደገና ወተት፤ በዚህ አዙሪት ዓመታት ያሳለፈ ሰው አውቃለሁ። አገራችን ሆድ ውስጥ ያለውን ሁሉ ጨጓራ ስለምንል ነው። ጨጓራ ከሆነ ምርመራም መድኃኒትም አለው።

ሕፃኑ ወተት አልስማማ አለው፤ ጡት ላቁም?

አያቁሙ። የእናት ጡት 7 በመቶ ገደማ ላክቶስ ነው፤ ከላም ወተት ይበልጣል፤ ሕፃናትም ለእሱ ተዘጋጅተው ነው የሚወለዱት። ላክቴዝ ሳይኖረው የሚወለድ ሕፃን እጅግ ብርቅ ነው። እናትየዋ ወተት ብትተውም ጡቷ ውስጥ ያለው ላክቶስ አይቀንስም። ልጁ ተቅማጥ ቢይዘውም ጡቱ ይቀጥላል፤ ኦአርኤስና ዚንክ ይጨመራል፤ ጤና ጣቢያ ይታያል። ዓመት ላልሞላው ልጅ የአኩሪ አተር፣ የአጃ ወይም የሩዝ ወተት በጡት ፋንታ መስጠት ከባድ ጉዳት ያመጣል። የላም ወተትም ቢሆን ከዓመት በፊት ዋና ምግቡ መሆን የለበትም። ሰገራው ደም ካለው፣ ቆዳው ካበጠ፣ ካልወፈረ፣ ጉዳዩ አለርጂ ሊሆን ስለሚችል በፍጥነት ወደ ሐኪም።

ወተት ካልጠጣሁ አጥንቴ አይሳሳም?

አዋቂ በቀን 1,000 ሚሊ ግራም ገደማ ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህል ይሰጣል። እርጎና አይብ ከቻሉ ችግሩ ከሞላ ጎደል ተፈቷል። ካልቻሉም ጤፍ በ100 ግራም ዱቄት 180 ሚሊ ግራም ገደማ አለው፣ ሊጡ ሲቦካም ካልሲየሙን የሚይዘው ፋይቴት ስለሚቀንስ ይበልጥ ይጠቅማል። ያልተፈተገ ሰሊጥ በጣም ሀብታም ነው። ጎመን ጥሩ ነው፤ ቆስጣ ግን ካልሲየሙን አስሮ የሚይዝ ኦክሳሌት ስላለው በእሱ አይተማመኑ። ፀሐይም አይርሱ። አውሮፓ ክረምት ውስጥ ያላችሁ የቫይታሚን ዲ ጉዳይ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

የላክቴዝ ክኒን ይሠራል? መድኃኒት ውስጥስ ላክቶስ አለ ይባላል?

ክኒኑ ይሠራል፤ ከመጀመሪያው ጉርሻ ወይም ከመጀመሪያው ጉንጭ ወተት ጋር ከተወሰደ። ሆድ ከተነፋ በኋላ የወሰዱት ባቡሩ ካለፈ በኋላ የገዙት ትኬት ነው። ብዙ ክኒኖች ደግሞ ለመሙያ ጥቂት ላክቶስ አላቸው፤ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ግራም በታች ስለሆነ ሆድ አይረብሽም። በዚህ ምክንያት የታዘዘልዎትን መድኃኒት አያቋርጡ።

ውጭ አገር ላላችሁ የምግብ ጽሑፍ ማንበብ ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው ሕግ ወተት ያለበት የታሸገ ምግብ «ወተት» ተብሎ እንዲጻፍበት ያስገድዳል። እስራኤል ውስጥ ደግሞ «ፓርቬ» የሚለው የኮሸር ምልክት ምግቡ ሥጋም ወተትም የሌለው መሆኑን ስለሚናገር ሥራ ያቀልላል።

ሐኪም ጋ መሄድ ያለብኝ መቼ ነው?

ክብደት ከቀነሱ፣ ሰገራ ላይ ደም ካዩ፣ ትኩሳት ካለ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ተቅማጥ ከመጣ፣ ወይም ወተት ካቆሙ በኋላም ካልተሻለዎት። እነዚህ የላክቶስ ሥራ አይደሉም።

ዘመድ ቤት ወተት ሲቀርብልኝ ምን ልበል?

ይህን የምትጠይቁኝ ከሁሉም ይበዛሉ። «አልጠጣም» ማለት ቤቱን መናቅ የሚመስልበት አገር ነው ያደግነው። አክስቴ ገጠር ስሄድ ትኩስ ወተት በዋንጫ ሞልተው፣ ቆመው እስክጨርስ ይጠብቁኝ ነበር። እኔም እየጨረስኩ ሌሊቱን ጓሮ ለጓሮ አድር ነበር። አንድ ቀን እውነቱን ነገርኳቸው፤ «ወተቱ መልካም ነው፣ ሆዴ ነው የማይችለው» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «ታዲያ እርጎ አትልም ነበር?» አሉኝ። አሁን እንደምመጣ ሲሰሙ አራት ቀን የሞላው እርጎ ይቆየኛል፤ በጣም የኮመጠጠ።